ከነቀዙ በፊት ቤተሰቡን፦ የኬሚካልን ጠንቅና ስጋት በቤትና በማሳ ለመመዘን

የገባሁበት ቤት ባለ አንድ ክፍል ነው። በአንደኛው ግድግዳ ጥግ ሦስት ኩንታል በቆሎ በማዳበሪያ ከረጢት ተደርድሯል። በሌላኛው ጥግ ፍራሽ ተነጥፏል፤ ሁለት ልጆች የሚተኙት እሱ ላይ ነው። በከረጢቱና በፍራሹ መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ክንድ አይበልጥም። በቆሎው እስከዚህ ወር ሳይነቅዝ እንዴት እንደቆየ እመቤቲቱን ብጠይቃቸው፣ «መድኃኒት አድርጌበታለሁ» አሉኝ። የአንዱን ከረጢት አፍ ፈታ አድርገው፣ በጨርቅ ቋጥረው ከእህሉ መሐል የከተቱትን አሳዩኝ። ክኒን የነበረው ነገር ግራጫ ዱቄት ሆኗል። የገዙት ከገበያ በፍሬ ነው። ዕቃውን አላዩም፤ የሚነበብ ወረቀትም አልተሰጣቸውም።

እኚህ እናት ቸልተኛ አይደሉም። እህሉን ከነቀዝ ያዳኑት ልጆቻቸው እንዳይራቡ ብለው ነው። የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእጃቸው የያዙት ነገር ምን ማድረግ እንደሚችልና ለቤታቸው ምን ያህል እንደሚያሰጋ የሚመዝኑበት ሚዛን። ይህ ሚዛን የቤተ ሙከራ ሰዎች ብቻ ንብረት አይደለም። ደብተርና እስክሪብቶ፣ ጥቂት የማባዛትና የማካፈል ስሌት፣ ከዚያም መለያ ወረቀት የማንበብ ትዕግሥት ይበቃዋል።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። እኛ አገር የነቀዙም፣ የአረሙም፣ የቲማቲሙም፣ የቁንጫውም ሁሉ «መድኃኒት» ይባላል። መድኃኒት ሲባል የሚያድን ነገር ነው የሚታሰበን። «ትንሽ ጨመር ሲደረግበት ይበረታል» የሚለው ልማድም ከዚሁ ስም የመጣ ይመስለኛል። የዚህ ነገር ሥራ ግን መግደል ነው፤ ነቀዝንና ሰውን ለይቶ የሚያይበት ዓይንም የለውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ፀረ-ተባይ ወይም ኬሚካል እያልኩ እጽፋለሁ።

ጠንቅና ስጋት

ሁለት ቃላት እንለይ። ጠንቅ ማለት ኬሚካሉ በተፈጥሮው ማድረግ የሚችለው ጉዳት ነው። ስጋት ማለት ያ ጉዳት በእናንተ ቤት፣ በእናንተ አያያዝ፣ በእናንተ ልጅ ላይ የመድረስ ዕድሉ ነው። ጅብ ጥርስ አለው፤ ጥርሱ ጠንቁ ነው፤ ጫካም ውስጥ ሆነ በረት ውስጥ ጥርሱ ያው ነው። ስጋቱ ግን የበረቱ በር ተዘግቷል ወይስ ተከፍቷል፣ ውስጥ ያለው በሬ ነው ወይስ ጥጃ በሚለው ይለያያል። ጥርሱን መለወጥ አንችልም። በሩ ግን በእጃችን ነው፤ የግምገማው ሥራ ሁሉ በሩን ማግኘት ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመውና በሽፋኑ ቀለም «ቀዩ መጽሐፍ» ተብሎ በሚታወቀው ሰነድ ይህን ሥራ በአራት ጥያቄዎች ከፍሎታል። ነገሩ ምን ጉዳት ያደርሳል? በስንት መጠን? እኛ ጋ የሚደርሰው ስንት ነው? ሁለቱ ሲነጻጸሩ ምን ይላሉ? መንግሥታት ኬሚካል ሲፈቅዱም ሲያግዱም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። እኛም በዚሁ እንሂድ፤ ከቤታችን ግን እንነሣ።

አንደኛ፦ ስሙን ያዙ

ስሙን የማታውቁትን ነገር መመዘን አትችሉም። አንድ ኬሚካል ሁለት ስም አለው። አንዱ የንግድ ስሙ ነው፤ ካራቴ፣ ሴሌክሮን እንደሚባለው። ሌላው ውስጡ ያለው፣ ሥራውን የሚሠራው ንጥረ ነገር ስም ነው። በካራቴ ውስጥ ያለው ላምዳ-ሳይሃሎትሪን ነው፤ በሴሌክሮን ውስጥ ያለው ፕሮፌኖፎስ ነው። መለያው ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ይህ ሁለተኛው ስም ነው የሚጠቅማችሁ። የንግድ ስማቸው የተለያየ ሁለት ጠርሙሶች አንድ ንጥረ ነገር ሊይዙ ይችላሉ፤ ገበሬው «ሁለት ዓይነት ቀላቀልኩ» ሲል አንዱን እጥፍ አድርጎ ረጭቷል ማለት ነው።

ከስሙ ቀጥሎ ምጣኔውን ጻፉ፤ 5 በመቶ ይሁን 50 በመቶ። ማላቲዮን በ5 በመቶ ዱቄትም በ50 በመቶ ፈሳሽም ይሸጣል፤ ሁለቱን በአንድ ስፍር መስፈር አሥር እጥፍ መሳሳት ነው። ከዚያም የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ የምዝገባ ቁጥሩን ጻፉ። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት በኢትዮጵያ ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ መሸጥ ክልክል ነው።

በሃይላንድ ፕላስቲክ የተገለበጠ ፈሳሽ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ክኒን፣ በፌስታል የተቋጠረ ዱቄት አትግዙ። ምክንያቱ የጥራት ጉዳይ ብቻ አይደለም። መለያው አብሮት ስላልመጣ፣ ከዚህ በኋላ ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ይቋረጣሉ። በተጨማሪም ውሃ የለመደ ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ያነሳል፤ ይጠጣል።

የማብቂያውን ቀን ብዙ ሰው ይንቀዋል። «ጊዜው ካለፈ ይደክማል እንጂ አይጎዳም፤ ስለዚህ መጠኑን ጨምር» ሲባል ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 በፓኪስታን የወባ ትንኝ ለማጥፋት ማላቲዮን ሲረጩ ከነበሩ ወደ 7,500 ሠራተኞች ውስጥ ወደ 2,800 የሚሆኑት ተመርዘው 5 ሞተዋል። ማላቲዮን ለሰው አነስተኛ ጠንቅ ካላቸው አንዱ ነው። ጉዳቱን ያባሰው በዱቄቱ ውስጥ የተፈጠረው አይሶማላቲዮን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ነው፤ ሰውነታችን ማላቲዮንን የሚያመክንበትን ኃይል ይህ ነገር ያሽመደምደዋል። በሙቀትና በመቆየት ብዛት የሚፈጠር ነገር ነው። በቆርቆሮ መጋዘን ጣሪያ ሥር ዓመታት ያሳለፈ ማላቲዮን ነቀዙ ላይ ይደክም ይሆናል፤ እናንተ ላይ ግን ይበረታል።

ሁለተኛ፦ ምን ማድረግ ይችላል?

ማንበብ የማይችል ሰውም ቢሆን ከመለያው ሁለት ነገር ማየት ይችላል፤ ሥዕሉንና ቀለሙን። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው የኬሚካሎች የምደባና የመለያ ሥርዓት ዘጠኝ ሥዕሎች አሉት፤ በቀይ ፍሬም፣ በአንድ ጫፉ በቆመ አራት ማዕዘን ውስጥ። የራስ ቅልና ሁለት አጥንት ወዲያውኑ ለሞት የሚያደርስ መርዝ ነው። ደረቱ ላይ እንደ ኮከብ የተሰነጠቀ ሰው ቆይቶ የሚመጣ ጉዳትን፣ ካንሰርን ወይም ፅንስ ላይ የሚደርስን ያሳያል። የሚያቃጥል ፈሳሽ እጅና ብረት ላይ ሲንጠባጠብ የሚያሳየው አሲድን የመሰለ ነው። የሞተ ዓሣና የደረቀ ዛፍ ለውሃ ሕይወት መርዝ መሆኑን ይናገራል።

በፀረ-ተባይ ዕቃ ግርጌ ደግሞ የቀለም መስመር አለ። ቀዩ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫው መካከለኛ፣ ሰማያዊው አነስተኛ፣ አረንጓዴው በተለመደው አያያዝ ብዙ የማያሰጋ ማለት ነው። ቀለሞቹ የዓለም ጤና ድርጅትን ምደባ ይከተላሉ፤ ምደባው ደግሞ የሙከራ አይጦችን ግማሽ የሚገድለውን መጠን ይለካል። በቀዩ ይህ መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት 50 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በታች ነው፤ በቢጫው ከ50 እስከ 2,000፤ በሰማያዊው ከ2,000 በላይ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የቢጫው ክልል ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው 40 እጥፍ ይሰፋል። ላምዳ-ሳይሃሎትሪን ከታችኛው፣ ከአደገኛው ጫፍ አጠገብ ነው። ስለዚህ «ቢጫ ነው» ብሎ መርጋት አይገባም።

ሌላም ነገር አለ። ቀለሙ የሚናገረው ወዲያው ስለሚደርስ ጉዳት ብቻ ነው። በየወቅቱ ጥቂት በጥቂት ሲገባ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣውን፣ ንብና ዓሣ ላይ የሚደርሰውን ቀለሙ አይነግራችሁም። አረንጓዴ መስመር ያለው ዕቃ የሞተ ዓሣ ሥዕል ሊኖረው ይችላል፤ ሁለቱም እውነት ናቸው።

ሦስተኛ፦ በየት በኩል፣ ለማን?

ኬሚካል ወደ ሰውነት የሚገባባቸው በሮች ሦስት ናቸው፤ አፍ፣ ሳንባና ቆዳ። አፍን ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል። የሚረሳው ቆዳ ነው።

በመቂና በዝዋይ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚረጭ ወጣት ተመልከቱ። የመርጫው ታንከር ክዳን ላላ ብሏል፤ ሲራመድ ፈሳሹ በጀርባው ይወርዳል፤ ሸሚዙን አርሶ ሱሪው ወገብ ውስጥ ይገባል። በበጎ ፈቃደኞች ላይ በፓራቲዮን የተደረገ የቆየ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ክንድ ላይ ከሚሰርገው ጋር ሲነጻጸር የራስ ቆዳ ወደ 4 እጥፍ፣ የወንድ ብልት ከረጢት ቆዳ ወደ 12 እጥፍ ያስገባል። ስለዚህ ይህ ወጣት ጓንት አድርጎ እንኳ፣ በጣም የሚያስገባው ቆዳው በፈሳሹ ርሷል። የላላ ክዳን ላስቲክ መቀየር በጣም ትንሽ ወጪ ነው። እኔ ብጠየቅ ጓንት ከመግዛቱ በፊት ክዳኑን እንዲያጠብቅ እመክረዋለሁ። የተደፈነ የመርጫ አፍንጫ በአፍ መንፋትንም ዛሬውኑ ተዉ፤ የቆየ የጥርስ ብሩሽ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ቀጥላችሁ ሰዎቹን በስም ቁጠሩ። ማሳው ላይ የሚረጨው ብቻ አይደለም። ልብሱን የምታጥበው ማን ናት? ውሃ የምትቀዳለት፣ ቲማቲሙን በማግስቱ የምትለቅመው ማን ናት? ነፍሰ ጡር አለች? የምታጠባ እናት አለች? ልጅ በኪሎው ሲታይ ከአዋቂ የበለጠ ይበላል፤ የበለጠ አየር ይተነፍሳል፤ መሬት ላይ ይድሃል፤ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ቲማቲም ደግሞ በዙር ነው የሚለቀመው። መለያው «ከርጭት በኋላ ለ14 ቀን አትልቀሙ» የሚል ከሆነና እናንተ በየሳምንቱ የምትለቅሙ ከሆነ፣ ያ ኬሚካል ለዚያ ሰብል በዚያ ወቅት አይሆንም ማለት ነው። ለቀማ ሳይጀመር ይረጭ፤ ካለዚያ የመቆያው ቀን አጭር የሆነ ይመረጥ።

አራተኛ፦ ስንት?

ከ500 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው የስዊዘርላንዱ ሐኪም ፓራሴልሰስ አንድን ነገር መርዝ የሚያደርገው መጠኑ ነው ብሎ ነበር። አብዛኛው ሰው እዚህ ሲደርስ ስሌቱን ለባለሙያ ይተዋል። አትተዉት። ሁለት ስሌት አብረን እንሥራ።

የመጀመሪያው የእኚያ እናት ቤት ነው። ለእህል የሚሸጠው ግራጫ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ በንግድ ስሙ ፎስቶክሲን ይባላል። ክኒኑ የአየር እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ነቀዙን የሚገድለው ጋዙ ነው። አንድ 3 ግራም የሚመዝን ክኒን 1 ግራም ፎስፊን ይሰጣል። በየኩንታሉ አንድ ክኒን ብቻ ተከቷል እንበል፤ ለሦስት ኩንታል 3 ግራም፣ ማለትም 3,000 ሚሊግራም። ክፍሉ 3 ሜትር በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል ነው፤ ሲባዛ 30 ሜትር ኩብ። 3,000 ለ30 ሲካፈል 100 ሚሊግራም በሜትር ኩብ ይሆናል። በጋዝ መለኪያ ሲገለበጥ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ወደ 70 ክፍል ማለት ነው።

አሁን አነጻጽሩ። በአሜሪካ ለሠራተኛ፣ ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የተፈቀደው ጣሪያ 0.3 ነው። ለሕይወት ፈጥኖ አስጊ ተብሎ የተቀመጠው 50 ነው። ጋዙ በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ በቀናት ነው፤ በበርና በጣሪያ ስንጥቅም ይሾልካል። ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከ70 ያንሳል። ግን ከመቶው አንዱ እጅ ብቻ ክፍሉ ውስጥ ቀረ ብንል እንኳ 0.7 ነው፤ ለጤናማ አዋቂ ሠራተኛ ከተቀመጠው ጣሪያ ከእጥፍ በላይ። ፍራሹ ላይ ያሉት ደግሞ ሕፃናት ናቸው፤ በር ተዘግቶ ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሱታል። ማዳበሪያ ከረጢት ጋዝ አይዝም። የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታ ካለ ሽሹ፤ ሽታ ከሌለ ግን አትዘናጉ፤ ሽታው የሚመጣው ከጋዙ ጋር ከተቀላቀሉ ቆሻሻዎች ነው፤ ንጹሑ ፎስፊን አይሸትም። ይህ ስሌት መልስ የሚሰጠው በአንድ ቃል ነው፤ ሰው በሚተኛበት ቤት ይህ ክኒን አይገባም። በጥንቃቄ፣ በትንሹ፣ በአንድ ጥግ የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛው ስሌት መልሱ እንዲህ ቁርጥ ያለ አይደለም፤ ለዚህም ነው የመረጥኩት። 5 በመቶ ማላቲዮን ዱቄት ለአንድ ኩንታል እህል 50 ግራም ተጨመረ እንበል። ይህን ለስሌት ያህል ያነሣሁት ነው፤ እናንተ የምትከተሉት በእጃችሁ ያለውን መለያ ነው። ከ50 ግራሙ 5 በመቶው 2.5 ግራም ማላቲዮን ነው፤ በ100 ኪሎ እህል ሲካፈል በእያንዳንዱ ኪሎ 25 ሚሊግራም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የጋራ ባለሙያዎች አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ቢወስደው አይጎዳውም ያሉት የማላቲዮን መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.3 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን አባት በቀን 400 ግራም እህል ቢበላ 10 ሚሊግራም ይወስዳል፤ ለ60 ሲካፈል 0.17፤ ከጣሪያው በታች። 15 ኪሎ የሚመዝን ልጁ 200 ግራም ቢበላ 5 ሚሊግራም ይወስዳል፤ ለ15 ሲካፈል 0.33፤ ከጣሪያው በላይ። አንድ ጎተራ፣ አንድ እንጀራ፣ አንድ ገበታ፤ አባት አልፏል፣ ልጅ አላለፈም።

ይህ ማለት ልጁ ነገ ይታመማል ማለት አይደለም። ማላቲዮን በክምችት ቆይታ ይፈራርሳል፤ መንፋትም፣ ማጠብም፣ ማብሰልም ይቀንሰዋል፤ ጣሪያውም ሲቀመጥ ሰፊ የጥንቃቄ ልዩነት ተትቶለታል። ግን ያ ልዩነት የተተወው ለማናውቀው ነገር ነው እንጂ እኛ በእፍኝ እየሰፈርን እንድንበላው አይደለም። እፍኝ ስፍር አይደለም፤ የእኔ እፍኝና የእናንተ እፍኝ አንድ አይመዝንም። «ለእርግጠኝነት» ብለው እጥፍ ቢጨምሩ አባትም ጣሪያውን ያልፋል። የሱቅ ሚዛን ላይ አንድ ጊዜ 50 ግራም አስመዝኑና የሚሞላውን ቆርኪ ወይም ጣሳ ምልክት አድርጉበት፤ ከዚያ በኋላ ያ ዕቃ ለሌላ ሥራ አይዋል።

አምስተኛ፦ ከአጥሩ ውጭ

ስለ አካባቢ ስትመዝኑ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ይቆያል ወይ? ይጓዛል ወይ? በሕይወት ባለው አካል ውስጥ ይከማቻል ወይ? ዲዲቲ ለሦስቱም «አዎ» የሚል መልስ አለው። አፈር ውስጥ ግማሹ እስኪፈራርስ ከ2 እስከ 15 ዓመት ይፈጃል። በአገራችን ለወባ መከላከያ ለአሥርተ ዓመታት ተረጭቷል፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሣ ስብ ውስጥም ቅሪቱ ተገኝቷል። ኢንዶሰልፋን የሚባለው ፀረ-ተባይም እ.ኤ.አ. በ2011 በስቶክሆልም ስምምነት የሚወገዱ ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ የገባው በዚህ ባሕርዩ ነው። እነዚህን ሁለቱን ማንም በምንም ዋጋ ቢያቀርብላችሁ አትቀበሉ።

ላምዳ-ሳይሃሎትሪን ሌላ ዓይነት ነው። አፈር ላይ ይጣበቃል፤ ብዙ አይጓዝም፤ ግን ለዓሣና ለንብ እጅግ መርዛማ ነው። እዚህ ላይ የምትዘጉት በር ሌላ ነው፤ መርጫውን ሐይቅ ወይም ቦይ ዳር አትጠቡ፤ ነፋስ ወደ ውሃው በሚነፍስበት ሰዓት አትርጩ፤ አበባ ላይ ባለ ሰብል ላይ በጠዋት አትርጩ። ንቦች ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ፣ ወደ ማታ ይሁን። ከመርጨታችሁ በፊት ባለቀፎውን ጎረቤት ንገሩት። የአንድ ሰው ቀፎ ሲያልቅ የጉርብትና ጠብ እንደሚሆን የማያውቅ ገበሬ የለም።

ባዶ ዕቃውን ሩቡን በውሃ እየሞላችሁ ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፤ እጣቢውን ወደ መርጫው መልሱት፤ ከዚያ ብሱት። ያልተበሳ ጀሪካን ጉሊት ወጥቶ ዘይት ወይም ጠላ ይያዝበታል። የተረፈ ኬሚካልም ጉዳት አለው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ በየመጋዘኑ የተከማቸ ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋ ጊዜው ያለፈበት ፀረ-ተባይ ተለቅሞ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተልኮ ተቃጥሏል። የሚበቃችሁን ብቻ ግዙ፤ በቤታችሁ ትንሽ መጋዘን አታቋቁሙ።

ስድስተኛ፦ ምን ላድርግ?

ከደብተራችሁ አንድ ገጽ ውሰዱና ለእያንዳንዱ ኬሚካል አምስት መስመር ጻፉ፤ ስሙና ምጣኔው፣ ሥዕሉና ቀለሙ፣ የሚነካቸው ሰዎች፣ መጠኑ፣ የምዘጋው በር። አምስተኛውን መስመር ስትሞሉ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ «ጨርሶ ባይኖርስ?» በሉ። ከዚያ «በሌላ ቢተካስ?»፤ ከዚያ «ከሰው ቢለይስ?»፤ ጭምብልና ጓንት የመጨረሻው ነው። ጭምብል ይቀደዳል፤ ይሞቃል፤ ይረሳል። ያልተገዛ መርዝ ግን ማንንም አይነካም።

በነቀዝ ጉዳይ «ጨርሶ ባይኖርስ?» የሚለው መልስ አለው። ፒክስ የሚባለው ከረጢት ሦስት ንብርብር ነው፤ ሁለት ወፍራም የፕላስቲክ ሽፋን፣ ከውጭ ማዳበሪያ። አፉ ተጠምዝዞ አንድ በአንድ ጥብቅ ሲደረግ፣ ውስጥ ያለው ነቀዝ አየሩን ጨርሶ ይሞታል። ኬሚካል የለውም። ቅድመ ሁኔታው እህሉ በደንብ መድረቁ ነው። ለዚህ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህልና ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ነቅንቁ፤ ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው። አባቶቻችን በቆሎና ባቄላ ውስጥ ጤፍ እየቀላቀሉ ያስቀምጡ የነበረውም ሥራ ይሠራል፤ ጤፉ ክፍተቱን ሲሞላ ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል፤ ጤፍ ራሱ ደግሞ አይነቅዝም።

ኬሚካል የግድ ከሆነ ከመኖሪያ ቤት ውጭ፣ በተቆለፈ ሣጥን፣ ከእህልና ከማዳበሪያ ተለይቶ ይቀመጥ። ቁልፉ ሕፃንን ብቻ አይጠብቅም፤ በአንድ ክፉ ሰዓት ሆድ የባሰውን ሰውም ያተርፋል። ይህን በግልጽ የምጽፈው ብዙ ቤት ስላዘነበት ነው።

ይኸው አመዛዘን ለጽዳት ዕቃም ያገለግላል። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችን በረኪናን፣ ክሎሮክስ የምትሉትን፣ ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር አትቀላቅሉ፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከአሞኒያ ጋርም አይሆንም። ለየብቻቸው ሲሆኑ የሚቻሉ ሁለት ነገሮች ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲገናኙ ሳንባ ያቃጥላሉ። አሠሪ «ቀላቅዪ» ብትል እንኳ አንዱን አጥባችሁ በውሃ ካለቀለቃችሁ በኋላ፣ መስኮት ከፍታችሁ ሌላውን ተጠቀሙ።

ያመለጠ ዕለት

ከርጭት በኋላ ላብ፣ ምራቅና እንባ ከበዛ፣ የዓይን ብሌን ከጠበበ፣ ጡንቻ ከተንዘረዘረ፣ ተቅማጥ ከያዘ ሙቀት ነው ብላችሁ አትለፉት። እነዚህ እንደ ማላቲዮንና ፕሮፌኖፎስ ያሉ ኬሚካሎች ነርቭን ሲይዙ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው፤ ጤና ጣቢያ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ ይሰጣል። ልብሱን አውልቁ፤ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ፤ ዓይን ከነካ 15 ደቂቃ በውሃ አለቅልቁ። ከጠጣም አታስመልሱት። ወተት ማጠጣት ማርከሻ አይደለም፤ የሚያባክነው ደቂቃ ግን ውድ ነው። ዕቃውን ወይም የመለያውን ፎቶ በስልክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ስሙን ሳያውቅ ማርከሻ መምረጥ ይከብደዋል። ፎስፊን ግን ማርከሻ የለውም። ጋዝ ከሆነ በሩን ከፍታችሁ ሰውን ወደ ንጹሕ አየር አውጡ፤ ዕቃ ለማውጣት ተመልሳችሁ አትግቡ።

እኚያ እናት የዚያኑ ቀን በርና መስኮቱን ከፈቱ፤ ልጆቹ ጎረቤት አደሩ፤ ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ ሦስቱ ከረጢቶች ወደ ውጭ ጎተራ ተዛወሩ። ለመጪው ዓመት ፒክስ ከረጢት እንዲያመጡላቸው ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ነግረዋል። እናንተም ይህን ካነበባችሁ በኋላ ተነሥታችሁ የምትተኙበትን ክፍል ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካላችሁ መለያውን አንብቡለት። ክኒን በፍሬ የምትሸጡ ነጋዴዎች፣ ዕቃውን ከነመለያው ስጡ፤ ካልሆነ አትሽጡ። እህላችሁ ውስጥ ክኒን ካለ ደግሞ፣ ልጆች ከሚተኙበት ቤት ዛሬውኑ አውጡት።